የማን ስንዝር ነው?

ታምሬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጽፍልህ ብዕር ሳነሳ እንባ እየቀደመኝ ተውኩት። አሁን የምጽፍልህ አንድ የምጠይቅህ ነገር ስላለኝ ነው። መልሱን ባለፈው ሳምንት አግኝቼዋለሁ፤ ቢሆንም አንተን ሳልጠይቅህ ባልፍ አይወጣልኝም። ታውቀኝ የለ፣ ያልገባኝን ነገር ይዤ መተኛት አልችልም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነን። ልጃችን ሶሲ ኮሌጅ ልትጨርስ ነው፤ አማርኛዋ ግን አሁንም አንተ የምትስቅበት አማርኛ ነው። በአማርኛ ጀምራ፣ መሀል ላይ እንግሊዝኛ አስገብታ፣ በስዋሂሊ ትዘጋዋለች። የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ፣ አንተ የሰው ቤት ስትጠግን ውለህ እየገባህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲንጠባጠብ የኖረው፣ ዛሬ አይንጠባጠብም። የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚያ ሆነህ እንዳታፍር ብዬ እንጂ የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው።

የቸርች እህቶች ግን ሥራውን ተይው አሉኝ። ብቻዋን የቧንቧ ዕቃ ተሸክማ ሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ድረስ የምትሄድ ሴት የት አለች አሉ። ወንድምህም ከሞያሌ ደወለ። ጂራቱቦ መፍቻዎቹን፣ የቧንቧ ጥርስ ማውጫውን ላኪልኝ፣ ዝጎ ከሚቀር እኔ ልሥራበት አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነቱን ነው። አንድ ሥራ ተቀብያለሁ፣ ሩንዳ ያለች የድሮ ደንበኛችን የአትክልት ውኃ መስመሯን አድሺልኝ ብላኛለች፤ እሱን ብቻዬን ከተወጣሁ ዕቃው ይቀራል፣ ካልቻልኩ በሚቀጥለው መኪና ይመጣልሃል አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ግን ጨነቀኝ። አንተም እኔም እንደምናውቀው የኛ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ናይሮቢ የገባን ሰሞን ሰው አልነበረህም። ቧንቧው ላይ ጥርስ ስታወጣ ሌላውን ጫፍ የሚይዝልህ ስታጣ ና እኔ ልያዝልህ አልኩህ፤ በዚያው ያዢ ሆኜ ቀረሁ። አንተ እጀታውን ቁልቁል ስትጫን እኔ ቧንቧው አብሮ እንዳይዞር በጂራቱቦ ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ። ስንት ዓመት! ቤት ውስጥ እንኳ ስሜን ትተህ «ያዢዬ» ነበር የምትለኝ። ጊጊሪ ያለውን ቤት ስንሠራ ቧንቧው አመለጠኝና ጂራቱቦው ቀኝ ትንሿ ጣቴን ሰበራት። ጣቴ ዳነች፣ ግን ተጣማ ቀረች።  ከዚያ በኋላ አንተ የሚታጠፍ ነገር ባየህ ቁጥር ዓይንህ እዚያው ይቀራል። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ትተህ የፎቶግራፍ አንሺውን ባለሦስት እግር መቆሚያ ታያለህ። አንድ እሑድማ ስብከት መሀል የቸርቹን ታጣፊ ወንበር ገልብጠህ ማጠፊያውን ስትመረምር፣ ፓስተሩ ንግግሩን አቋርጦ አየህ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ፣ «ዝም ብዬ ነው» አልከኝ።

ዝም ብለህ አልነበረም። ካረፍክ በኋላ ማስታወሻ ደብተርህን ሳገላብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተሣለ ነገር አገኘሁ። ሦስት እግር አለው። ከላይ ቧንቧው የሚያርፍበት እንደ ተከፈተ አፍ ያለ ማስቀመጫ፣ ከጎኑ ቧንቧውን አንቆ የሚይዝ ሰንሰለት። እግሮቹ ታጥፈው አንድ ላይ ይተኛሉ። መሀሉ ላይ፣ ከሥር፣ አንዲት ትንሽ ክብ አለች። ከጎኑ በዚያ የዶሮ ጭረት በሚመስል ጽሑፍህ «እግር፦ አራት ስንዝር ከሦስት ጣት» ይላል።

ገባኝ። ያዢ ነው የሣልከው! የቧንቧ ያዢ፣ በትከሻ የሚሄድ ያዢ። ግን ስንት ጥያቄ ይዞብኝ መጣ! ለምን ሦስት እግር ብቻ? የወጥ ቤቱን ባለአራት እግር ወንበርና ባለሦስት እግር በርጩማህን ግቢ አውጥቼ ወጣ ገባ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለአራቱ የትም ባኖረው አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ባለሦስቱ ግን የትም ቦታ ቀጥ ይላል። ጎረቤቶቻችን በመስኮት እያዩኝ እንደነበር ያወቅኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሥዕሉን ይዤ ኦቲየኖ ዘንድ ሄድኩ፣ ከማታቱ ታክሲዎቹ ማቆሚያ ጀርባ ፀሐይ ላይ የሚበይደው፣ የመስኮታችንን ብረት የሠራልን። ደስ አለው። አንተን አንስቶ ብዙ አወራ። አንጎላሬውን፣ ያን ባለማዕዘን ብረት መርጦ፣ ቡሎኑን አውጥቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣ እግሩ ስንት ነው ሲለኝ እጄን ዘርግቼ ስንዝር አሳየሁት። ሳቀና «ምኮኖ ዋ ናኒ፣ ማማ?» አለኝ። የማን እጅ ነው ማለቱ ነው።

እኔም ሳቅኩ። የማን ይሆናል፣ የባለቤቴ ነዋ! የአንተን ስንዝር ደግሞ ማግኘት ቀላል ነው። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ስትሠራ «ልክ ሰባት ስንዝር» ብለህ ስትኮራ ትዝ ይለኛል። በሜትር ለክቼ ለሰባት ባካፍለው የእጅህ ልክ ወጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳየው እጅህን የጨበጥኩ መሰለኝና እዚያው መደርደሪያው ሥር ቁጭ አልኩ።

ኦቲየኖ በዚያ ልክ ቆርጦ በየደው። ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ሦስቱ እግሮች አብረው ሲከፈቱ ያምራል። ቧንቧውን አሳርፌ፣ በሰንሰለቱ አንቄ፣ እጀታውን ቁልቁል ስጫነው ግን አንዱ እግር ከመሬት ተነሳ። ሌላ ጎን ብሞክር ያው ነው። እዚህ ላይ ነው ያቺ ክብ ነገር ትዝ ያለችኝ። እርሳስህ ሳታስበው ያረፈበት ምልክት ነበር የመሰለኝ። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ ሳየው ከክቧ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ ሥር ደግሞ አራት ማዕዘን አለ። የዕቃ ቦርሳችን ነው! ቀለበት አስበይጄ ቦርሳውን ከነጂራቱቦው መሀሉ ላይ ባንጠለጥለው፣ መቆሚያው እንደ ተቀመጠ ሰው ጸጥ አለ። ሁልጊዜ ከባድ ነው እያልኩ የምነጫነጭበት ቦርሳ ለዚህ ይሆናል ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ።

ቁመቱ ግን እምቢ አለ። ቧንቧው ጎድኔ ድረስ ይመጣል፤ ትከሻዬን ሰቅዬ እንጂ መጫን አልችልም። አጥፌ ቦርሳው ውስጥ ሳስገባው ደግሞ እግሮቹ ተርፈው ይወጣሉ፣ ዚፑ አይዘጋም፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል የሚነዳው ሰውዬ ይሄን ነገር ከኋላዬ አልጭንም አለ። ያን ጊዜ ያዘንኩት ስለ መቆሚያው አይደለም። አንተ በልክ ተሳስተህ አታውቅም። አልጋ ላይ ያዋለህ ሕመም የእጅህን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ልክ ማወቅህንም ወስዶብህ ነበር ማለት ነው ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ኦቲየኖን እግሮቹን በግምት አሳጥርልኝ ስለው አሻፈረኝ አለ። የተቆረጠ ብረት አይመለስም፣ ሄደሽ እጁ የማን እንደሆነ አረጋግጪ አለኝ። የሩንዳው ሥራ አራት ቀን ቀርቶታል። ለወንድምህ ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አውጥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያን ቀን ከሰዓት ሳሎን ውስጥ መቆሚያውን ዘርግቼ ዙሪያውን ስዞር፣ ሶሲ ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝ። «ማሚ፣ ባባ ለምን የራሱን እጅ ይለካል? ሊጠቀምበት አልነበረም እኮ። ሂ ኒው» አለችኝ። እንደማይድን ያውቅ ነበር ማለቷ ነው። ይህን ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ እኔ ግን የራሴን እጅ አየሁ።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መጡብኝ። አልጋህን መስኮቱ ሥር አድርገንልህ፣ እኔ ጎንህ ተቀምጬ። ቀኝ እጄን ትወስድና አውራ ጣቴንና ትንሿ ጣቴን ለያይተህ የአልጋው ጠርዝ ላይ ትዘረጋታለህ። ታነሳታለህ፣ ፈቀቅ አድርገህ እንደገና ትዘረጋታለህ። ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ። የተጣመመችውን ጣቴን ቀስ ብለህ ልታቃናት ሞከርክ፤ እምቢ ስትልህ እንዳለች ተውካት። እንባዬን እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስንብት መስሎኝ ነበር፣ ታምሬ። ለካ እየለካኸኝ ነበር!

መቆሚያው ላይ እጄን ዘረጋሁ። አራት ስንዝር፣ ከዚያ ሦስት ጣት። ብረቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና በማግስቱ ጠዋት ለኦቲየኖ ወስጄ፣ እጁ የኔ ነው አልኩት። ቆርጦ ሲጨርስ ቧንቧው ወገቤ ጋ፣ ተደግፌ የምጫንበት ቦታ ላይ መጣ። ታጥፎ ቦርሳው ውስጥ ገባ፤ ዚፑ ተዘጋ።

ሩንዳ ስደርስ ዘበኛው ከኋላዬ እያየ ፉንዲው፣ ባለሙያው፣ የታል አለኝ፤ ፉንዲዋ እኔ ነኝ አልኩት። አትክልቱ ውስጥ ሦስቱን እግር ዘረጋሁ፣ ቦርሳውን አንጠለጠልኩ፣ ቧንቧውን አነቅሁ። እጀታውን ስጫን ከልማዴ የተነሳ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው በዓይኔ ፈለግሁ። ማንም የለም፤ ቧንቧው ግን ንቅንቅ አላለም። ማታ ሊሆን ሲል ውኃውን ለቅቄ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያፈስ እንደሆነ ብዬ ዙሪያውን በጋዜጣ ወረቀት ነካካሁት። ወረቀቱ ደረቅ ነው። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ ለወንድምህ ደወልኩና፣ ዕቃው አይመጣም አልኩት። ጎሽ አለኝ።

አሁን ጥያቄዬ ይኸውልህ። ለምን አልነገርከኝም? እውነቴን ነው የተናደድኩብህ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፎቶህን አኩርፌ ነበር። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ ሳልኖር የሚይዝልሽ ነው ብትለኝ ምን አደርግ ነበር? ደብተሩን እቀድልህ ነበር። ይህንንም ለክተኸዋል ማለት ነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ደግሞ አለ። ከሥዕሉ ጥግ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፣ ወደ ባዶ ቦታ የምታመለክት። ኦቲየኖም አላወቃትም። እስክደርስባት አልተዋትም። አልረሳህም ብዬ መማሌም ትርፍ ነው፤ ሥራ በወጣሁ ቁጥር ሦስቱን እግር ስዘረጋ ስምህን እጠራለሁ፣ ሶሲም ሰምታኝ መቆሚያውን «ታምሬ» ማለት ጀምራለች። ስንት ዓመት ያዢህ እኔ ነበርኩ። አሁን ያዤ አንተ ነህ፤ እንዳትለቀኝ።

ያንተዋ አልማዝ