የአባየ ማውጫ

ለእታለሜ ለሥርጉት ክንፈሚካኤል፤ ቤይሩት።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ክረምቱንስ እንዴት ገፋሽው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? አሠሪዎችሽ እንዴት ይዘውሻል? እንቅልፍ ይሰጡሻል? የዚያ አገር የጦርነት ወሬ እዚህ በደረሰ ቁጥር እማየ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ «ልጄን አደራ» ሳትል አትውልም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ዘንድሮ በቆሎው አፍርቷል፣ በርበሬውም መቅላት ጀምሯል። ናፍቆትሽ ግን እንዳለ ነው፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ይቀላል ሲሉ እሰማለሁ፣ እኛ ቤት አልቀለለም።

ስትደውይ «አባየ ደህና ናቸው» እያልን የምንመልስልሽ እውነቱን ሁሉ አይደለም። እማየ «በሰው አገር ያለች ልጅ ምን እንድታደርግ ነው የምታስጨንቃት?» እያለች ትከለክለኛለች። ቃሏን ማፍረስ አልወድም፤ ነገሩ ግን አንቺ ሳታውቂው የሚያልፍ አልሆነም። ስለዚህ ጎረቤታችን ሠርክአዲስ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስትመለስ ይህን በእጇ ሰደድሁልሽ። ሥራ ላይ ሆነሽ አትክፈቺው፤ ብቻሽን ስትሆኚ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአባየ ዓይን ጨርሶ ከጠፋና ከቋሪት ገበዝ ማርያም አንሥቼ ወደ ፍኖተ ሰላም ካመጣኋቸው ወዲህ ከሁሉ የጎዳቸው የዓይናቸው ነገር አልነበረም፤ የተማሪዎቻቸው መበተን ነበር። «ወንበሬ ባዶ ቀረ» ይሉና ድጓውን ለግድግዳ ያዜሙታል። የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ለሱቁም ለማኅበሩም ድረ ገጽ እሠራለሁ። ቡሬ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ወንዳወቅ ይህን ሰምቶ «የመሪጌታን ወንበር ለምን በድረ ገጽ አንተክልላቸውም?» አለኝ። ተከልነውም። ተማሪዎቹ ካሉበት ሆነው ድምፃቸውን ይልካሉ፤ አባየ ሰምተው እርማታቸውን በድምፅ ይመልሳሉ። መጀመሪያ የላከው ጢስ ዓባይ የሚያገለግለው ዲያቆን ተስፋው ነበር። አባየ ድምፁን ሲሰሙ «ይሄ ልጅ አሁንም እዚያችው ላይ ይቸኩላል!» ብለው ሳቁ።

ስልካቸው ጣት ያረፈበትን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነው። በገጹ ራስ ላይ ደግሞ ወዴት መሄድ እንደሚቻል የሚናገሩ ስሞች ተደርድረዋል፤ ማውጫ እንለዋለን። መነሻ፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ቅኔ፣ የተማሪዎች ድምፅ። አባየ ይህን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ስልኩ አንብቦ እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቁም፤ ጣታቸው ራሱ ቆጥሮ ያልፍና የፈለጉት ላይ ያርፋል። ፊታቸው ወዛ። እማየም «ሽማግሌው እንደ ገና ተሾመ» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

በዐቢይ ጾም ላኪው በዛና ወንዳወቅ አዳዲስ ገጾች ጨመረ። በጎ ያደረገ መስሎት፣ ሰው በጾሙ አብዝቶ የሚከፍተው ጾመ ድጓውን ስለሆነ በአዲሶቹ ገጾች እሱን ከሁሉ ፊት አደረገው፤ መነሻውን ወደ መጨረሻ ገፋው። በአንዱ ገጽ ደግሞ «የተማሪዎች ድምፅ» የሚለውን «የተላኩ» ብሎ ጻፈው። ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ዓይን ፈልጎ ያገኘዋል። አባየ ግን አንዱ ገጽ ላይ ያገኙትን ሌላው ገጽ ላይ ያጡታል። ጾመ ድጓ ያሉት ቅኔ ሆኖ ይወጣል፤ ልመለስ ሲሉ መነሻው የለም።

ለእኛ አልነገሩንም። ስልኩን ከፍራሹ ሥር ከተቱት። ተስፋው «የኔታ ምነው ጠፉብኝ?» ብሎ ደጋግሞ ደወለ። ማኅሌት መቆሙንም ተዉት። እማየ ብትለምናቸው «እዚያ ገብቼ ብጠፋስ?» አሏት፤ አርባ ዓመት የቆሙበትን ነገር! በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ምን እንዳገኛቸው ብጠይቅ፣ «ምስክር፣ ማውጫው ጠፋኝ ልጄ፤ መውጫውም» አሉኝ። ቀጥለውም «ዓይኔ ሲሄድ አእምሮዬን ከተወልኝ ብዬ ተስማምቼ ነበር፤ እሱም ጓዙን እየሸከፈ ነው» ብለው አለቀሱ። እታለም፣ አባየ ሲያለቅሱ አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር።

ስልኩን አውጥተው እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። ጣታቸውን በዓይኔ ተከተልሁ። ጣታቸው የሚያርፈው ልክ በተማረው ቦታ ነበር፤ ቦታውን የለቀቀው ማውጫው ነው። «አባየ፣ አንቱ አልተሳሳቱም፤ የተዛወረው እሱ ነው» አልኋቸው። ሊያባብለኝ ነው ብለው አላመኑኝም። «ማልልኝ» አሉኝ። በገበዝ ማርያም ማልሁላቸው። ያን ጊዜ የተነፈሱትን ትንፋሽ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ወንዳወቅ ነገሩን ሲሰማ ደንግጦ በማግሥቱ ከቡሬ መጣና ጉልበታቸውን ሳመ። አልተቆጡትም። «አየህ ልጄ፣ የትኛውም ደብር ብትወስደኝ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ ቦታ አይለዋወጡም። በሩን ካገኘሁ ሌላውን እግሬ ያውቀዋል» ብቻ አሉት። ከዚያ በኋላ ማውጫው አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ገጾቹ ሁሉ ከዚያ እንዲወስዱት አደረግን። ስሙም ተራውም በሁሉም ገጽ አንድ ሆነ። አባየ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ለትንሣኤም ማኅሌት ቆሙ። ያን ሰሞን ስትደውይ የሰማሽው ሳቅ የእውነት ሳቅ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ስልኩን ይዘው መነሻው ላይ ሲመላለሱ አየኋቸው። ጣታቸው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ወንዳወቅ የነካው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ኮምፒውተሬን ከፍቼ ገጾቹን አንድ በአንድ ፈተሽሁ። አንድም የተዛነፈ አልነበረም። እታለም፣ የራሴን ሥራ ተበላሽቶ ባገኘው ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባየም ጠረጠሩ። «ምስክር፣ ያ ልጅ ዛሬም አዛወረው እንዴ?» አሉኝ። እማየ ከጀርባቸው ቆማ «አዎ በላቸው» በሚል ዓይን ታየኛለች። አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን አንድ ጊዜ የማልሁላቸው ሰው ነኝ፤ ዛሬ ብዋሻቸው የዚያን ቀኑም እውነት የሚረክስ መሰለኝ። «የለም አባየ፣ ማውጫው ባለበት ነው» አልኋቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡና «እንግዲያስ የተዛወርሁት እኔ ነኛ» አሉ። እማየ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ እኔን ግን ብዙ ቀን በቅጡ አላናገረችኝም። ልክ ሠራሁ ወይስ ጨከንሁ? አንቺ ብትኖሪ እጠይቅሽ ነበር።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ወስደን አስመረመርናቸው። ሐኪሙ የመርሳት ሕመም ነው፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም አለን። ደህና የሚውሉበት ቀን አለ፤ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ሳይስቱ ይወጡታል። የእማየ ስም ግን ይጠፋቸዋል። «ሥርጉት ከገበያ አልተመለሰችም?» ብለውም ይጠይቃሉ። እማየ «መንገድ ላይ ናት» ትላቸዋለች።

ባለፈው እሑድ አእምሯቸው እንደ መስከረም ሰማይ ጠርቶ ዋለ። ያን ቀን ሁሉን ያውቁ ነበር፤ አንቺም ቤይሩት መሆንሽን፣ እሳቸውም መታመማቸውን። እጄን ይዘው «የሥርጉትን ድምፅ አስገባልኝ» አሉኝ። የትኛው ገጽ ላይ ብላቸው «በሁሉም፤ አንድ ቦታ ላይ። የትም ብጠፋ እዚያ ላግኛት። ካስቀመጥህልኝ ወዲያ ማንም አያንቀሳቅስብኝ» አሉ። ሌሎቹን ከቦታቸው ሳላነቃንቅ ከመነሻው በላይ ለብቻው ስምሽን ጻፍሁት።

እታለም፣ ነይ አልልሽም፤ ፓስፖርትሽ በማን እጅ እንዳለ አውቃለሁ። ድምፅሽን ግን ላኪልኝ። ረጅም አይሁን። ስምሽን ተናገሪ፣ ያለሽበትን ንገሪያቸው፣ ገበያ ነኝ አትበዪ። ብታለቅሺም አትቁረጪው፤ አንቺ መሆንሽን ይለዩበታል። ለእማየ እኔው እነግራታለሁ፤ ቁጣዋንም እችለዋለሁ። ወንዳወቅ ድምፁ እስኪመጣ ባዶ ስም አታስቀምጥ ቢለኝ እምቢ አልሁት። አባየ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ስልኩ «ሥርጉት» ይላል። ይነኩታል፤ ምንም የለም። እሳቸው ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው፣ ቤቱን ሁሉ በእጃቸው ዝም አሰኝተው ይጠብቃሉ።

እማየ እናኑ ይህን መጻፌን ባታውቅም ዓይንሽን እንደምትስምልሽ እኔ ምስክሯ ነኝ። ወንዳወቅ በርቺ ብሎሻል። ዲያቆን ተስፋው በጸሎቱ ያስብሻል። የገበዝ ማርያም ዘመድ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። አባየን በዚያው በእሑዱ ምን ብዬ ልጻፍላት ብላቸው አልቸኮሉም፤ ቀና ብለው «ወጥቶ ከመቅረት ይሰውርሽ በላት» አሉኝ።

ወንድምሽ ምስክር ክንፈሚካኤል
ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.