የአንሶላዋ ሙሽራ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ ወንድምሽ «አለቃ» እያለ ይጠራሽ ለነበርሽው፤

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ያ የሚያስነጥስሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁም ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬው ነበር። አንቺ «ሄሎ፣ እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስትይ ምላሴ ይተሳሰርና ስለ ውሃ መጥፋት አወራልሻለሁ። ሰሞኑን ስለ ውሃ ያን ያህል ያወራሁሽ ለዚያ ነው እንጂ ውሃውስ ያን ያህል አልጠፋም። ወረቀት ደግ ነው፤ እጄ ቢዘገይ አይቸኩልብኝም፣ መሀል ገብቶም «አታልቅሺ» አይለኝም።

የታች ቤቷ ልብስ ሰፊ አገባች። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የሷ አክስት ናት፤ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው የምትኖረው፣ እሑድ ትመለሳለች። ሻይ አፍይላት፣ ወሬ ስለምትወድ ትንሽ ታገሻት።

ወንድምሽ ለልብስ ሰፊዋ ቃል ገብቶላት እንደነበር ነግሬሽ ነበር? «ያንቺን ሠርግ ከኔ በቀር ማንም አያነሳውም» ብሏት ነበር። ገና ሦስት ሠርግ ያነሳ ልጅ፣ አነጋገሩን ብትሰሚው የዓለምን ሙሽሮች ሁሉ አንስቶ የጨረሰ ነው የሚመስልሽ። ያ ነገር ከመድረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጠዋት ዕቃ እያጠብኩ መጣና «እማዬ፣ ዛሬ ሙሽራ ነሽ» አለኝ።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን ሰጥታኝ ወጥታለች። የሠርጓ ቀን የት እንደማቆማት ልየው። ነይ ቁሚልኝ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ብርሃኑ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ነይ» አለና ከአልጋዬ ላይ ነጩን አንሶላ ገፎ ራሴ ላይ ጣል አደረገው። እጄ በሳሙና እንደራሰ ደረጃውን አስወረደኝ።

ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለውን የጎረቤት ግድግዳ ታስታውሺዋለሽ፣ ያን ሻጋታ የወረሰውን? ነጭ ቀለም ቀቡት። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደዚያች ጠባብ ክፍል መልሶ ያፈስሰዋል። «ሰው መብራት ይገዛል፣ ለኔ ጎረቤት ቀባልኝ» እያለ ሳቀ። ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ትከሻዬን ወደ ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሮ አቆመኝ። «አገጭሽን ተዪው፣ ዓይንሽን ብቻ አንሺ። አሁን እስትንፋስሽን ልቀቂ። ሰው የሚያምረው አየሩን ሲለቅ ነው፣ ይዞት ሲቆም ሁሉም መታወቂያ ላይ ያለ ሰው ይመስላል።» እኔ ደግሞ ሳቄ ያመልጠኛል። መስኮቱ ጋ አነሳኝ፣ ደረጃው ላይ አነሳኝ፣ የግቢው በር ላይ አንሶላዬን እየጎተትኩ ስወጣ አነሳኝ። የጎረቤቱ ጥበቃ «እንኳን ደስ አለዎት እማማ፣ ሙሽራው ማን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። አፈርኩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

በመጨረሻ ደከመኝና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ካሜራውን ከፊታችን ደረጃው ላይ አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ። ዳቦ ቆርሰን በላን፣ ብዙ አወራን፤ ስላንቺ፣ ስለ አባታችሁ፣ ሱቅ መክፈት ስለሚፈልግበት ቦታ። ለካ ካሜራው ቪዲዮ ላይ ነበር። ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ። «ውይ እማዬ፣ ሲቀዳን ነው የቆየው! ቪዲዮ ቦታ ይበላል፣ ሚሞሪውን ጨረሰው!»

«አጥፋዋ።»

«አላጠፋም። ለአለቃ እልክላታለሁ። አንሶላ ለብሰሽ ዳቦ ስትበይ ትይሽ።»

ሳይልክልሽ ቀረ። ያ የጭነት መኪና እሱንና ሞተሩን ሲያገኛቸው ካሜራው እኛ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ማውራታችንን እንጂ ምን እንዳወራን ሁሉን አላስታውስም። ቪዲዮው ይዞታል ብዬ ለማስታወስም አልደከምኩም።

አንቺ በስልክ «እማዬ፣ ካሜራውን ማንም እንዳይነካው፤ መጥቼ አብረን እናየዋለን» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቧራውን እንኳ ከሩቅ ነበር እፍ የምለው።

ዓርብ ጠዋት

ትናንት እጄ ደከመኝና ተውኩት። ዛሬ ልቀጥል።

ልብስ ሰፊዋ ከሠርጓ በፊት ጥቁር ቀሚሴን ልታጠብብልኝ መጥታ ነበር። «እማማ፣ ሁለተኛ ጊዜ ማጥበቤ ነው፤ እንዲህ ከቀጠሉ ጨርቁም እርስዎም ማለቃችሁ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወገቤ ላይ መርፌ እየሰካች፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች፣ «ለፎቶው አያስቡ፤ በስልክ እንነሳለን» አለች። እኔ ስለ ፎቶ ምንም አላልኩም ነበር። እሷ ግን ሳትጠየቅ ልታጽናናኝ ፈልጋ አንጀቴን በላችው።

«እኔ አነሳሻለሁ» አልኩ።

ያልኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ ስታየኝ ነው።

«ይችሉታል?»

«የት እንደምትቆሚ አውቃለሁ» አልኳት።

ሌላ የማውቀው አልነበረም። ቦርሳውን ተሸክሜ ሦስቱም ሠርግ ላይ ተከትዬዋለሁ፤ መክፈቻውን አውቃለሁ፣ የሚነሳበትን ቁልፍ አውቃለሁ፣ የደበዘዙትን እንዳጠፋለት ያሳየኝን የቆሻሻ ቅርጫት የተሳለበትን ቁልፍ አውቃለሁ። በቃ፣ ይሄው ነው ትምህርቴ።

የሠርጉ ቀን ጠዋት በጥቁሩ ቀሚሴ ስገባ አክስትየዋ «ሐዘንተኛ ሙሽራ ክፍል ይገባል እንዴ?» ብላ አጉረመረመች። ሙሽራዋ ከመስታወቱ ሳትዞር «አክስቴ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ ጥቁር ነው የሚለብሰው። የሥራ ልብሳቸው ነው» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ወንድምሽም መስታወት ውስጥ እንዳይታይ ብሎ ጥቁር ነበር የሚለብሰው። አክስትየዋ ቆይታ ወንበር አመጣችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

ግድግዳው በራ። ሙሽራዋን እኔ በቆምኩበት ቦታ አቆምኳት፤ ትከሻዋን ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ። ካሜራውን አንስቼ ተጫንኩ። ምንም የለም። እንደገና ተጫንኩ። በማላነበው ፊደል አንድ ነገር ጻፈብኝ።

የሙሽራው ሚዜ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየልኝ። «እማማ፣ ሚሞሪው ሞልቷል ነው የሚለው። የማይፈለጉትን ያጥፏቸው።»

«የማይፈለግ የለውም» አልኩት።

«ሌላ ሚሞሪ አልያዙም?»

ቦርሳውን ዘረገፍኩ። ሌንስ፣ ባትሪ፣ የመጥረጊያ ጨርቅ። «እንግዲህ ሱቁ ዝግ ነው፣ መኪናውም ደርሷል» አለ ልጁ፤ ለኔ ማዘን ይሁን ለሙሽራዋ ግራ ገብቶት። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ብዙ አይቆይም። ይህንንም የነገረኝ ወንድምሽ ነው። ልጅቷ እዚያው እንዳቆምኳት ቆማለች፣ አገጯን እንኳ አላነቃነቀችም። አምናኛለች። ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

የመጀመሪያዋን ፎቶ ከፈትኳት። እኔ ነኝ፣ አንሶላ ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ ስስቅ። የቻልኩትን ያህል አየኋት። ከዚያ አጠፋኋት። ሙሽራዋን አነሳሁ። ሁለተኛዋን ከፈትኩ፣ አየኋት፣ አጠፋኋት፣ አነሳሁ። የት ልቁም ስል እሱ የቆመበትን ፎቶው ይነግረኛል፣ እንደነገረኝ አጠፋዋለሁ። እንደ ሌላው ፎቶ አንሺ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ማድረግ አልቻልኩም። እያንዳንዷ የምትመጣው አንዷ ስትሄድ ነው። ስለዚህ ጠበቅሁ። ሙሽራዋ «ጨረሱ እንዴ?» እስክትል፣ መጠበቅ ሰልችቷት ትከሻዋን እስክትጥል፣ አየሩን እስክትለቅ። ስትለቀው ያንን ፊት አየሁት፤ ልክ እሱ እንዳለው። ልጄ፣ ደስታ አልለውም፣ ደስታ ማለት ይከብደኛል። ግን ሠርግ ላይ ዓይኑ እንዲያ የሚበራው ለምን እንደነበር ገባኝ። ከሄደ በኋላ መግባቱ ምን ያደርጋል።

ሙሽራዋ ወጣች፣ ሰዉም አጅቧት ወጣ። ቦርሳዬን አንግቼ ልከተል ስል አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ እኛ ዳቦ የበላንበት ደረጃ ላይ። የልጅቷን የዘወትር ጫማ፣ ያንን ተረከዙ የተበላ ነጠላ ጫማ፣ በሁለት እጁ ይዞታል። ያወለቀችውን አንስቶ የት እንደሚያስቀምጠው ቸግሮታል። ቤት ውስጥ እንዳይተወው ልጅቷ ከእንግዲህ እዚያ አትኖርም፤ ይዞ እንዳይወጣ የሠርግ ልብስ ለብሷል። ዝም ብሎ ጫማውን ያያል።

እዚያ ቦታ ወንድምሽ አልጠቆመኝም። ማንም አልጠቆመኝም። እጄ ራሱ ካሜራውን አነሳው። እምቢ አለ፣ ሞልቷል። ሰውየው ሊነሳ ነው፣ ከውጭ እየጠሩት ነው። ቸኮልኩ። የቱ እንደተከፈተ አላየሁም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። የቅርጫቷን ቁልፍ ተጫንኩ፣ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። ከሌሎቹ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ሰውየውን አነሳሁት።

ከዚያ በኋላ ካሜራው አንድም ጊዜ ሞልቷል አላለኝም። አዳራሹ ውስጥ እስኪበተኑ ድረስ አነሳሁ፣ ኬኩን፣ ጭፈራውን፣ ጠረጴዛ ሥር የተኙትን ሕፃናት፤ እምቢ አላለኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ቢገባሽም አትጻፊልኝ።

ቅዳሜ

ትናንት የጻፍኩትን አላነበብኩትም። ካነበብኩት ስለምቀደው።

ሰኞ ዕለት ፎቶ አጣቢው ጋ ወሰድኩት፣ ወንድምሽ የሚያሳጥብበት ጋ። የካሜራውን ማገናኛ ገመድ ከቦርሳው ሲፈልግ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ኪስ ዚፕ ከፈተ። ኪስ መሆኗንም አላውቅም ነበር፤ ስፌት ነበር የምትመስለኝ። አንዲት ጥፍር የምታህል ነገር አወጣ። «እማማ፣ መለዋወጫ ሚሞሪም አለዎት፤ ባዶ ነች» አለኝ፣ ደስ ይበላት ብሎ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ «ፀሐይ ነው» አልኩት።

ሠርጉን ብቻ እንዲያጥብልኝ፣ ሌላውን እንዳይከፍት አስማልኩት። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ «እማማ፣ ውስጡ የቀረውን ልንገርዎት?» አለኝ። «አትንገረኝ» አልኩት። ድምፁ እንዴት እንደነበር አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤዋለሁ። አንዳንዴ ጥሩ ነገር ሊነግረኝ የነበረ ይመስለኛል።

ሁለት ፎቶ ልኬልሻለሁ። አንደኛው አባትየው ነው፣ ጫማውን እንደያዘ። አጣቢው «ይሄን ማን ነው ያነሳው?» ብሎኛል። እኔ ነኝ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት «ልጄን ያንሱልኝ» ብላ ስልክ ቁጥሬን ወስዳለች፤ እሺም እምቢም አላልኳት። ትደውላለች፣ አላነሳውም። አንቺ ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ሙሽራዋ ናት፣ መስኮቱ ጋ። ወንድምሽ ያየውን ማየት ከፈለግሽ እሷን እያት። የቆመችበት እኔ የቆምኩበት ነው፣ ብርሃኑም ያው የግድግዳው ነው። ቬሉን አንሶላ ነው ብለሽ አስቢው። ፊቱ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ፊቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ካሜራውን ሸፍኜ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቪዲዮው አለ ብዬ ነው የምኖረው። ልከፍተው ደጋግሜ አወጣዋለሁ፤ የተሳሳተ ቁልፍ ብጫንስ እያልኩ እመልሰዋለሁ። ካሜራውን አትንኪ ብለሽኝ መንካቴን ተቆጪኝ፣ ግን ዝም አትበይኝ። ሥራሽን ትተሽ ነይ ማለቴ አይደለም። ሲመችሽ፣ ስትመጪ፣ አንቺ ክፈቺው። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። መንገድ ስትሻገሪ ግራና ቀኝ እይ፣ ደግመሽም እይ። እግርሽን ከብርድ፣ ሆድሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ከኔም ይቀጠልልሽ።

እናትሽ