አባዬ፣ ቴፑ አልናገር አለ

የሞተ ሰው ይሰማል? ቀብሮ የተመለሰ ሁሉ፣ ለማንም ባይናገረውም፣ ይህን በሆዱ ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለኝም። እኔ ግን ሰሞኑን ጮክ ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ መኪናህ ውስጥ ተቀምጬ፣ መሪህን ይዤ።

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አስበናል። እማዬ ጥቁሯን አውልቃለች፤ ነጠላዋን ግን እስካሁን አዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው። የግቢያችን በር ያው እንደ ድሮው ካልገፉት አይከፈትም። እኔ ደግሞ ተመርቄያለሁ፤ አንተ «የሽቦ ዶክተር» በምትለው በኤሌክትሪክ ምህንድስና። ጋውን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ካንተ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ከጎንህ ቆሜ ልነሳው የነበረውን ፎቶ በዚህ አካክሰነዋል።

ሥራ ግን ገና ነው። ማመልከቻ ያላስገባሁበት ቢሮ የለም። ቁጭ ብዬ ስልክ መጠበቅ እንደማይሆንልኝ ደግሞ ታውቃለህ። እናም ሥራ እስኪጠራኝ እኔው ልጥራው ብዬ፣ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ የከረመችውን ሰማያዊ በነጭ መኪናህን ገለጥኳት። ታክሲ ልሠራባት።

እማዬን ለማሳመን ስንት ምላስ አወጣሁ! «ሴት ልጅ? በመርካቶ ትርምስ? የመኪናውን ስታመልጪ የተሸካሚው ይገጭሻል!» ትለኛለች። በዚያው ትርምስ መንዳት ያስተማርከኝ አንተ መሆንህን ሳነሳባት ለዘብ አለች። በመጨረሻ «እሺ፣ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ። አማኑኤልን ልሳለም ታደርሺኛለሽ» አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ።

የድሮው ቴፕህ ክረምቱን ውኃ ገብቶበት ዝጓል። ስለዚህ አዲስ ልገዛ ወዳጅህ ጋሽ ሙክታር ሱቅ ሄድኩ። እሳቸው አልተለወጡም፤ ዛሬም ከዕቃው በላይ ወሬው ነው የሚሸጥላቸው። «ኢንጂነሯ! ልጆቹ ይግጠሙልሽ ወይስ በዲግሪሽ ትገጥሚዋለሽ?» አሉኝ። «በዲግሪዬ ነዋ ጋሼ!» ስላቸው «በይ እንግዲህ፣ ካጨሰ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ» ብለው ሸኙኝ።

ገጠምኩት። የባትሪውን ገመድ ከባትሪው፣ የቁልፉን ከቁልፉ፣ የስፒከሩን ከስፒከሩ። እማዬ ለቤተክርስቲያን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። ቁልፉን ሳዞረው ቴፑ በሰማያዊ መብራት ቦግ አለ፤ ቁጥሮቹ እየሮጡ ጣቢያ ያዘ። ድምፅ ግን የለም። ጨመርኩ፤ የለም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ጭጭ። ያ ሁሉ መብራት ፊት ለፊቴ እየተንቦገቦገ መኪናዋ ውስጥ የሚሰማው የእማዬ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ከኋላ ትከሻዬን ነካችኝ። «ተይው ልጄ። ዝም ያለው እሱ ነው። አልፈቀደም።»

ወርዳ ቤት ገባች። ማታውኑ፣ መኪናዋን ከኀዘኑ ጀምሮ ሽጪልኝ ሲላት ለነበረው የጭድ ተራው ሰውዬ ደወለችና «ድምፅ የላትም፤ ቅዳሜ መጥተህ ውሰዳት» አለችው።

የሽቦ ዶክተሯ ልጅህ በዚህ መሳቅ ነበረባት። ግን መሳቅ አልቻልኩም። ያቺ መኪና ድሮም ዝም ትል ነበራ!

ታስታውሳለህ? ሕፃን ሆኜ ከሲኒማ ራስ ወደ አማኑኤል ስንወርድ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ሬዲዮህ እስከ ጥግ ይዘፍናል። መንገድ ዳር የልቅሶ ድንኳን ብቅ ሲል ግን ድምፁ ቁርጥ ይላል። ሁለቱም እጆችህ መሪው ላይ ናቸው። ድንኳኑን እናልፋለን፤ ዘፈኑ ይመለሳል። «አባዬ፣ ማን አጠፋው?» ስልህ «ራሱ ነው። የኛ ሬዲዮ ልቅሶ ያውቃል» ትለኛለህ። ከዚያ ኮስተር ብለህ፣ የማን ልቅሶ እንደሆነ ባናውቅም ሰው እያለቀሰ ዘፈን ይዞ ማለፍ ነውር እንደሆነ ትነግረኛለህ። እኔ አምኜህ ትምህርት ቤት አወራሁት። «የነሱ ሬዲዮ አልቃሽ ነው!» እየተባልኩ ስንት ጊዜ ተሳቀብኝ።

ሳድግ ረሳሁት። የእማዬ ቃል ነው የቀሰቀሰው። ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ተነስቼ ከሀሁ ጀመርኩ። ድምፅ ማፈኛውን ነክቼው እንደሆነ አየሁ፤ አልነካሁም። ድምፁን ወደ አንድ ወገን የሚገፋውን ማስተካከያ ወደ መሃል መለስኩ፤ ምንም። ፊውዙ ደህና ነው፤ ባይሆንማ መብራቱም አይበራም። የቋጠርኳቸውን ገመዶች ፈትቼ እንደገና ቋጠርኩ። ጭጭ።

ቴፑን ነቅዬ ጋሽ ሙክታር ጋ ሮጥኩ። ከሱቃቸው ስፒከር ጋር ሲያያይዙት አካባቢውን በጩኸት አናወጠው። «ይኸውልሽ! የኔ ዕቃ ምላስ አለው። የያዛት የአባትሽን መኪና ነው» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «አላህ ይዘንለትና፣ እሱ እንኳ ዝም የሚል ሰው አልነበረም» አሉ።

ተመልሼ ወደ ስፒከሮቹ ሄድኩ። ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንድ የባትሪ ድንጋይ ወስጄ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ነካ አደረግኩበት። ጧ! አለ። ሁለተኛውም ጧ! ደነገጥኩ፤ ካንተ ወዲህ ያቺ መኪና ያወጣችው የመጀመሪያ ድምፅ ነበር። ስፒከሮቹ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ያንኑ ድንጋይ ይዤ ወደ ፊት መጣሁና በቴፑ በኩል ያሉትን የገመድ ጫፎች ነካሁ። ምንም። ቴፑ ደህና፣ ስፒከሮቹ ደህና፤ መሃል መንገድ ላይ ግን ሁለቱም ገመዶች ተቋርጠዋል። ሁለቱም ባንድ ላይ በራሳቸው ይበጠሳሉ? አይመስለኝም። የሰው እጅ አለበት።

ምንጣፉን አነሳሁና ገመዱን በጣቴ ተከተልኩት። በቀጥታ ወደ ኋላ መሄድ ሲገባው ወደ ሹፌሩ ወገን ታጠፈ። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ የግራ ጉልበትህ ከሚያርፍበት ዘንድ ወጣ። እዚያ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘሁት። የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ነገ የሚፈታው ሰው ጥፍሩን እንዳያመው ብለህ ሁልጊዜ እንደምታጥፈው። ውስጡ ጫፏ ብቻ ብቅ ያለ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ጉልበትህ እየገፋት ጫፏ ለስልሷል።

ተዘግታለች።

ቴፑን መልሼ ገጥሜ አበራሁትና እማዬን ጠራኋት። መጀመሪያ አልመጣም አለች፤ ስትመጣም በሩ ላይ ቆመች። ስለ ድንኳኖቹ ነገርኳት። አንድም ቀን አላወቀችም፣ አባዬ። ሁሌ ከኋላ ስለምትቀመጥ ጉልበትህን አታየውም። በእጄ ልከፍታት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። መጨረሻ የነካሃት አንተ ነህ፤ ከነካኋት ጉልበትህ ከዚያ የሚነሳ መሰለኝ። እማዬ ገባችና በአንተ ወንበር ተቀመጠች። ከዚያ አመልካች ጣቷን ወደ ማብሪያዋ ሰደደችና ከፈተቻት።

ሬዲዮው ስለ ቲማቲም እያወራ ነበር። የቲማቲም ትል እንዴት እንደሚጠፋ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እኔም ተከተልኳት። ስንረጋጋ ለጭድ ተራው ሰውዬ ደወለች። «ወንድሜ፣ መኪናዋ አትሸጥም። ድምፅ የላትም ያልኩህ ልቅሶ ላይ ቆይታ ነው።» ሰውዬው ምን እንደመሰለው እግዜር ይወቅ።

በማግስቱ አማኑኤል አደረስኳት። ሥራ ጀምሬያለሁ። ሴት መሆኔን አይተው የሚመለሱ አሉ፤ ሴት መሆኔን አይተው የሚሮጡም አሉ። ማመልከቻውንም አላቆምኩም፤ ስልኬ አጠገቤ ነው።

ግን እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር አለ። ሬዲዮህን ከመንገድ ስሰማ ነበር በር ልከፍትልህ የምወጣው። ያን ቀን አልሰማሁም፤ አንተው ወርደህ በሩን ገፋኸው። ከዚያ ደረቴን አልክ፤ ሌላውን አንተም እኛም እናውቀዋለን። እንግዲህ መንገድ ላይ ድንኳን አይተህ በጉልበትህ አጥፍተኸዋል። ካለፍክ በኋላ ለምን አልመለስከውም? ሕመሙ እዚያው ያዘህ? ወይስ የምታውቀው ሰው ሆኖ ልብህ እምቢ አለ? አሁን እዚያ መንገድ ላይ ስደርስ ማንም ሳይነካት ድምፁ ቁርጥ የሚል ይመስለኛል። የግራ ጉልበቴ ይቀዘቅዛል። ያኔ ነው ትሰማለህ ወይ ብዬ ጮክ የምለው።

ማብሪያዋን ከቦታዋ አላነሳኋትም። ፕላስተሩን እንደገና ጠቅልዬ ጫፉን አጥፌዋለሁ። ድንኳን ባየሁ ቁጥር የማን ነው ሳልል እዘጋታለሁ፤ ሳልፍ ደግሞ እከፍታታለሁ፣ ስለ ሁለታችን። ከቻልክ በሕልሜም ቢሆን ንገረኝ፤ ለማን ነበር?

ይህን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግኩትም ለዚሁ ነው። ባለፈው ዓመት፣ በክረምቱ መውጫ፣ ከሲኒማ ራስ ወደ አማኑኤል በሚወርደው መንገድ ዳር ድንኳን ጥላችሁ የነበራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ሰማያዊ በነጭ መኪና ዝም ብላ በአጠገባችሁ አልፋ ነበር። የሟቻችሁን ስም ንገሩኝ፤ የአባቴን ስም በጠራሁ ቁጥር አብሬ እጠራዋለሁ።