ያለ ጓንት የተገኘው ስብ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 15

በጥልቅ ሐዘን ይነገራል፦ የሦስተኛው ፎቅ ቤተ ሙከራችን የኬክ ቢላዋ ዛሬ ረፋድ ላይ ከመሳቢያው ተሰውሯል። ባለልደቱ ፕሮፌሰር ሄንሸል ራሳቸው ጋግረው ያመጡትን ኬክ በማስመሪያ ቆረሱ። ማንም አልሳቀም። ድሬዝደን ውስጥ በኬክ አይቀለድም።

ከዚያ ወደ ሥራ። አራተኛ ዓመቴ። ጥያቄዬ ያው ነው፦ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል የሽፋኑ ስብ ይለወጣል ወይ? መልሱ እስከ ዛሬ... እንጃ። ውሌ ማርች 31 ያልቃል። መልስ ከሌለ ዶክትሬት የለም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 24

አሥራ አንድ እጥፍ!

በሚከፈሉት ሕዋሳት ውስጥ አንድ ስብ ከማይከፈሉት አሥራ አንድ እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ኮሪደሩን ሁለቴ ሮጥኩት። ፕሮፌሰሩ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። በእሳቸው ዘንድ ይህ እልልታ ነው።

“በሚቀጥለው ሐሙስ ለሁሉም ያቅርቡት፣ ፍራው ኮልቤ።” ኮልቤ እኔ ነኝ፤ “ፍራው” ደግሞ የጀርመን “ወይዘሮ”።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 26

ፍራው ኖዋክ... ቴክኒሻናችን። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ሠርተው ማንንም “አንተ” ብለው የማያውቁ። ዛሬ ሕዋሳት ሳራግፍ ከኋላዬ ቆሙ። የሚከፈል ሕዋስ ክብ ይሆንና የብልቃጡን ወለል ለቀቅ ያደርጋል፤ ብልቃጡን ጠፍ ጠፍ ሲያደርጉት ተነስቶ ይንሳፈፋል። የማይከፈለው ተጣብቆ ይቀራል። የበሰለ ፍሬ ከዛፍ እንደ ማርገፍ ነው።

“ጓንትዎ የት አለ?”

“ጓንት ምቱን ያፍነዋል። በባዶ መዳፍ ነው የሚሆንልኝ።”

“መዳፍዎን ምን ተቀብተዋል?”

“...የእጅ ክሬም። ክረምት ነው እኮ!”

“የተጣበቁትን ሲሰበስቡስ?”

“በጓንት።”

“እንግዲያው እንኳን ደስ አለዎት። የመድኃኒት ቤት ክሬም ያለ ጥርጥር አግኝተዋል።”

ብለው ሄዱ። ሴትዮዋ አጥንትና ጥርጣሬ ብቻ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 27

እውነታቸውን ቢሆንስ? ዝም ብዬ ባቀርበውስ? ማን ያውቃል? ፍራው ኖዋክ ያውቃሉ። ይባስ ብሎ እኔም አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 29

ባዶ ብልቃጥ። ፈሳሽ ብቻ፣ አንዲት ሕዋስ የሌለበት። በተቀባ መዳፌ መታሁት፣ ክዳኑንም በዚያው እጄ ከፈትኩት። የኔ ታላቅ ስብ ምንም ሳይጎድል ከነክብሩ ብቅ አለ። ከሕዋስ ጋር ዝምድናም የለው!

ለፕሮፌሰሩ ተናዘዝኩ።

“ሐሙስን ይሰርዙልኝ። በጓንት ልድገመው።”

“ማርች ቅርብ ነው፣ ፍራው ኮልቤ።”

ካላንደር ያለኝ አይመስላቸውም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 7

ፍራው ኖዋክ ሳይጠሩ መጡ። ጓንት አጥልቀው፣ በእጃቸው የጎማ መዶሻ ይዘው። የድንኳን ካስማ መምቻ!

“ከካምፕ ዕቃዬ ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ይምቱበት።”

መታሁ።

“ቀስ! ምንጣፍ እያራገፉ አይደለም።”

ደግሜ... ጠፍ። ሕዋሳቱ ተነስተው ተንሳፈፉ፣ ጓንቴም እጄ ላይ ነው። አርባ ብልቃጥ ለሁለት አረገፍን። ሠላሳኛው ላይ መዶሻው አምልጦኝ ጫማቸው ላይ ዐረፈ። ሳቁ። ምስክር የለኝም፣ ግን ሳቁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ትልቁ ስብ የለም። ከጥላው ሥር ተደብቆ የኖረ አንድ ትንሽ ስብ ግን አለ! በሚከፈሉት ውስጥ አራት እጥፍ። ሦስቴ ደገምኩት፣ ሦስቴም ያው። በባዶው ብልቃጥ ውስጥ ምንም።

ፍራው ኖዋክ የውጤቱን ወረቀት ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት።

“ይሄ ክሬም አይደለም” አሉ።

ድሬዝደን ባለችበት በሳክሶኒ ምድር ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ተሰምቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ማርች 12

ሕዋሱ ያንን ስብ እንዳይሠራ ከለከልነው። በማይክሮስኮፕ ተቀምጠን አየን። ክብ ሆነ... ወገቡ ጠበበ... ጠበበ... ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ተመልሶ አንድ ሆነ። ሁለት አስኳል በአንድ ሽፋን ውስጥ። ተፋትተው ሌላ ቤት ያጡ ባልና ሚስት!

ስቡን መለስንላቸው። ወገባቸው ጠበበ... ጠበበ... ተለያዩ!

ጮህኩ። ፍራው ኖዋክ “ጸጥታ!” አሉኝ። የእሳቸው ጩኸት ይበልጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 21

አቀረብኩ። ከክሬሙ ጀምሬ፣ ሳልደብቅ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱ ሕዋሳት በፊልሙ ላይ ሲለያዩ ግን ሁሉም እንደ አገሩ ደንብ በጭብጨባ ፈንታ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ደበደበ።

ፕሮፌሰሩ፣ “ውሉ ስድስት ወር ተራዝሟል። ዶክትሬቱን ይጻፉት” አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ ፍራው ኖዋክ ሁለት ብርጭቆ በቅመም የሞቀ ወይን ይዘው ጠበቁኝ።

“ታላቅ እኔ ስለሆንኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሃይድሩን እባላለሁ። አንቺ እንባባል።”

“እሺ... ሃይድሩን። እኔ ገዚነ።”

“አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ብልቃጥሽ ላይ አንብቤዋለሁ።”

ማረሚያ፦ በጃንዋሪ 24 “አሥራ አንድ እጥፍ” ተብሎ የተመዘገበው “የእጅ ክሬም” ተብሎ ይነበብ። በዕለቱ የተመዘገበው ደስታም ተመርምሮ ከዛሬው አንሶ ስለተገኘ ተሰርዟል።