አምስተኛዋ መሥራች

ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00
የደም ግፊት ክኒን ዋጥኩ። ኢሜይል ቼክ አደረግሁ። ፕ/ር ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጽሐፉን ረቂቅ ልኳል፤ የሳይንስ አካዳሚያችን እንዴት እንደተመሠረተ የሚተርከውን። ምዕራፍ ሁለት፦ አራት መሥራቾች፣ ከነማዕረጋቸው። እኔ? «ቃለ ጉባኤ የያዙት ጸሐፊ፣ ወ/ሮ ጽጌ»። ማስታወሻዬ፣ አምስት ነበርን! እኔም የአፈር ኬሚስት፣ እንደነሱ ዶክተር። በመተዳደሪያ ደንቡ የምርምር ነፃነትን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ስላሉኝ ነው። ምነው ባላማረ!

ከሰዓት፣ 9፡30
ደወልኩለት። «እትዬ ጽጌ፣ ስምዎ እኮ ገብቷል፤ ምን ጎደለ?» አለኝ። እነሱ ዶክተር፣ እኔ እትዬ። ማስረጃ ካለዎት ይላኩልኝ አለ፣ በትሕትና። ትሕትናው ነው ያንገበገበኝ።

ረቡዕ
ዶ/ር ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። ከአራቱ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ያስታውሳል። አንቀጿን በቃሉ ወጣልኝ። ከዚያ በዚህ ዕድሜያችን ምን ሊያደርግልሽ፣ ተይው አለ። የሱ ስም ገብቷል፤ መተው ምን ይከብደዋል! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።
ማታ ልጄ ሳራ መጣች። እዚሁ ለንደን የተወለደች፣ ኤድመንተን ሰፈር መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ ያሳደግኋት። «ማሚ፣ ዩ ኒድ ፕሩፍ። ምንም ማስረጃ የለሽም?» የስብሰባው ደብተር አለኝ። ስንት ዓመት አልገለጥኩትም።

ሐሙስ
ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድን። ደብተሩ ተገኘ። የመጀመሪያው ስብሰባ፣ የተገኙ፦ ዶ/ር፣ ዶ/ር፣ ዶ/ር፣ ዶ/ር። ከታች፣ በገዛ እጄ፦ «ጽጌ፣ ጸሐፊ»። ማንም አላዘዘኝም። ራሴን ዶክተር ብዬ መጻፍ አፍሬ ነው። ሞኝ! ገጽ ሰባት ላይ ደግሞ፦ «ጸሐፊዋ ያረቀቀችው አንቀጽ ከብዙ ክርክር በኋላ ጸደቀ»። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም፣ በራሴ።

ዓርብ፣ ጠዋት 5፡00
ሳራ ሁለቱንም ገጾች ስካን አደረገችልኝ። የመጀመሪያውን ልደብቀው ነበር። አልደበቅሁም፤ ታሪክ ነው። ለጌታሁን ጻፍኩለት፦ ይህንን «ጸሐፊ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፤ ዛሬ አርሜዋለሁ። አምስት ብለህ አትም፣ አለበለዚያ ስሜን ጨርሶ አውጣ። ዶ/ር ጽጌ ብዬ ፈረምኩ። ላክሁት።
5፡20። ስልኩ ይጮኻል። እሱ ነው። አላነሳም። በጽሑፍ ይመልስ።