በኑዛዜ የሰጠሁት ቀሚስ

ጂንካ፣ ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

እሰይ፣ ካንሰር አይደለም! ዛሬ ከአዲስ አበባ ተመለስኩ።

ጡቴ ላይ የወጣው እብጠት ሲዳሰስ ድንጋይ ነበር የሚመስለው። እኔማ ጡቴ ተቆርጦ፣ ከዚያም እሞታለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ሐኪሙ ግን «እትዬ፣ እጅ እብጠቱን ያገኘዋል እንጂ ውስጡ ውሃ ይሁን ሥጋ አይለይም። ለዚህ ነው በአልትራሳውንድ የምናየው» አለኝ። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ጡቴ ላይ ያንሸራትት ጀመር። ቴሌቪዥን በመሰለው ነገር ላይ ጥቁር ክብ ወጣ።

«ይኸውልሽ፣ ውሃ ነው። ጠጣር ሥጋ ቢሆን ኖሮ ቆንጥረን እንመረምር ነበር» አለ። ያንኑ ምስል እያየ ውሃውን በመርፌ ሲስበው እብጠቱ ሟሸሸ! እልል ልል ስል ነርሷ አፌን ያዘችኝ።

ታዲያ ዛሬ ከአውሮፕላን ስወርድ የባሌ እህት ዘነበች ሜዳው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ያውም ስሄድ «ከሞትኩ ያንቺ ነው» ብዬ የሰጠኋትን ጥበብ ቀሚስ ለብሳ! ዓይኔ ቀሚሱ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች።

«ውይ እታለም፣ ላውልቀው እንዴ?»

«እዚህ ሰው መሃል? አንቺ ጉደኛ፣ አርባዬን እንኳ ሳትጠብቂ!»

ተቃቅፈን ሳቅን፤ አለቀስንም።

ሐኪሙ ውሃው ተመልሶ ሊሞላ ይችላል ብሎኛል። ይሙላ፤ ደግሞ ይሳባል። ቀሚሱን ግን ነገ አጥባ ትመልስልኛለች።