የአቢጊያ ጾም

ውድ ባለቤቴ ደገፋ፣

የኦሞራቴ ሙቀትና የግንበኝነቱ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው፤ አቢጊያ ትሰማለች። ሾፌሩ ጎሳዬ በጭነት መኪናው ወደዚያ ስለሚወርድ በሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ፈርቻለሁ ደገፋ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

«ቅዳሜ መጥቼ ባሮክን እወስደዋለሁ፣ ድንጋይ ሲሸከም ልብ ይገዛል» ብለሃል። እውነትህን ነው፣ ቁም ስቅላችንን አሳይቶናል። መንታ ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ከገቡ ወዲህ እሱ በር ሰብሯል፣ ከአስተማሪው ተጣልቷል፣ ገዘር ገበያ ሄዶ ተፈንክቶ መጥቷል። ጎረቤቱ ሁሉ «ኧረ የሺ፣ እነዚህ ልጆች እውነት ከአንድ ማህፀን ነው የወጡት?» ይለኛል። እኔም በሴቷ በአቢጊያ ጨዋነት እኩራራ ነበር።

ምእመናኑ ለባሮክ ጾም ጸሎት ሲይዙ አቢጊያም አብራ ያዘች። ጾሙ ሲፈታ እሷ አልፈታችም። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ትነሳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዳርጌ ጉባኤ ፊት አቁመዋት «ለወንድሟ እንዲህ የምትማልድ እህት አይታችኋል?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ ደግሞ እልል አልኩ፣ እኔን ይድፋኝ! አሁን ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ ያስቸግራታል። መዘመርም ትታለች። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም።

ባለፈው እሁድ ባሮክን መሃል አስገብተው እጅ ጫኑበት። ልጁ ድንገት ጮኸ፤ «እኔን ተዉኝ! እሷን እዩዋት! እየሞተችባችሁ ነው!» ጋሽ ዳርጌ «አንተ ክፉ መንፈስ፣ በኢየሱስ ስም ዝም በል!» ብለው ገሠጹት፤ ጎረምሶቹም እጁን ጠምዝዘው ያዙት። እኔ ዞሬ አቢጊያን አየኋት። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው። ደገፋ፣ መንፈስ አልነበረም። የጮኸው ልጃችን ነው።

ቤት ስንገባ እጇን ይዤ «የኔ እናት፣ እስከ መቼ ነው የምትጾሚው?» አልኳት።

«እየጾምኩ አይደለም እማዬ» አለችኝ። «እህሉ አልወርድ ብሎኝ ነው። ጾም ነው ስትሉ ዝም አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔም እንደ ባሮክ መጮህ፣ መስበር ያምረኛል። ግን ሁለታችንም ከጮህን አንቺ የት ትገቢያለሽ?»

እቅፍ ሳደርጋት አጥንቷ ቆረቆረኝ። ስትተኛ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የማነጋው።

ነገ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ጋሽ ዳርጌ እምነት አጣሽ ቢሉኝም ይበሉ። አንተም ቅዳሜ ና፣ እባክህ እንዳትቀር። ግን ባሮክን ልትወስድ እንዳይሆን። እሱን ከወሰድክብኝ፣ እዚህ ቤት ስለሷ የሚጮህ ማን ይቀራል?

ዓይኗን መንገድ ላይ ጥላ የምትጠብቅህ
የሺሀረግ፣ ከጂንካ